አንገት መቺዎች የማይቆጥሩት ሥጋ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አጋዘን ማደን የሚያምረው ሐበሻ ሁሉ ገና ፈቃድ ሳያወጣ የሚሰማት አንዲት ምክር አለች፦ «አንገቱን በለው፤ ሥጋው እንዳይበላሽ።» ደፈር ያለው ደግሞ «ጭንቅላቱን» ይላል። ምክሯ የእኛ ብቻ አይደለችም። አሜሪካዊው አዳኝ ከአባቱ የወረሳት ናት፤ በጠመንጃ መደብሩ ባንኮኒ፣ በአደን ሰፈሩ እሳት ዙሪያ፣ ሥጋ አዘጋጁ ደጃፍ ወረፋ ሲጠበቅ ትደጋገማለች። «እኔ ከአንገት በታች ተኩሼ አላውቅም» የሚል ሰው በመካከላችን ቆጣቢም ጀግናም ሆኖ ይታያል። ደረት መትቶ የመጣው ግን ወርቹ ላይ የጠቆረውን ደም ሰው ሳያይበት ለመሸፈን ይቸኩላል።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ሥጋ ለማትረፍ ተብሎ አንገትና ጭንቅላት ላይ የሚተኮስ ጥይት፣ የወቅቱ አደን ተደምሮ ሲታይ ሥጋ የሚያባክን ጥይት ነው። ቆጣቢ የሚያስመስለው የሒሳቡ አያያዝ ብቻ ነው፤ የተሰቀለውን አጋዘን ይመዝናል፣ ጫካ ውስጥ የቀረውን አይመዝንም። የታለበችውን ላም ወተት በጥንቃቄ እየሰፈሩ ከበረት የጠፋችውን ላም እንደመርሳት ነው። (አጋዘን ስል የአሜሪካውን ባለ ነጭ ጅራት ዲር ማለቴ ነው፤ የባሌው ደጋ አጋዘን ሌላ ፍጥረት ነው።)

እስቲ ሥጋውን እንመዝነው። ሆድ ዕቃዋ የወጣላት ደህና እንስት አጋዘን 40 ኪሎ ብትመዝን፣ ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ጭንቅላቱና ቅልጥሙ ተቀንሶ ለድስት የሚበቃው ንጹሕ ሥጋ ግማሹ፣ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ትልቁ ድርሻ የኋላው ታፋ ነው፤ ከዚያ በጀርባው ግራና ቀኝ የተጋደመው ሽንጥ ይከተላል። ጭቅናው ትንሽ ቢሆንም ሁሉም የሚሻማበት ነው። ሁለቱ ወርች ተደምረው አንድ አምስተኛ ቢሆኑ ነው፤ አንዱ ወርች እንግዲህ ሁለት ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ጎድኑ እንደ በሬ ጎድን አይደለም። ሥጋው ስስ ነው፤ ስቡም ሲበርድ ላንቃ ላይ ይጣበቃል። ከወርቹ ጀርባ ገብቶ ሳንባን ቀዶ የሚወጣ ጥይት የሚያበላሸው ይህንኑ ስስ ጎድን ነው፤ ጥቂት መቶ ግራም፣ ሲበዛ ሲበዛ ኪሎ የማይሞላ። ጥይቱ ወደ ፊት ስቶ ወርቹን ቢያገኘው እንኳ፣ ወርቹ ሙሉ በሙሉ ለውሻ ተጣለ እንበልና፣ ኪሳራው ሁለት ኪሎ ነው።

አሁን ከጠፋው አጋዘን ጋር እናስተያየው። አንድ አጋዘን ቆስሎ ሳይገኝ ከቀረ 20 ኪሎ ሄደ። አንገት የሚመታው ሰው ከአሥር አጋዘን ውስጥ ደረት ከሚመታው አንድ ብቻ አስበልጦ ቢያጣ፣ ደረት መቺው ከእያንዳንዱ አጋዘን አንድ ሙሉ ወርች ቢጥል ነው እኩል የሚሆኑት። ደረት መቺው ደግሞ በእያንዳንዱ ወርች አይጥልም። ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ በአንድ ሰው ሁለት ሊጠፋ፣ በሌላው ምንም ላይጠፋ ይችላል። ነገር ግን «ሥጋ አተረፍኩ» የሚል ሰው ቢያንስ ይህን ስሌት ማወቅ አለበት። ስንት እንደጠፋበት ስጠይቀው «ስቼው ሄደ» ካለኝ ጨዋታው ተበላሽቷል፤ የሳተውና ያቆሰለው በአንድ ስም ተጠርተዋልና።

የአንገትና የጭንቅላት አደጋ የሚመነጨው ከጠባብነታቸው ብቻ አይደለም። ልብና ሳንባ ያሉበት ስፍራ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ አንጎሉ ያለበት ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ይህን ማንም ያውቀዋል፤ «እኔ በመቶ ሜትር ላይ ሦስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ አስገባለሁ» ብሎ ይመልስልሃል። በጠረጴዛ ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ፣ ያስገባ ይሆናል። ወረቀቱ ግን አይንቀሳቀስም። አጋዘን ስትግጥ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ጭንቅላቷ ነው። ቀና ትላለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ያላየችህ መስላ በድንገት ትዞራለች፣ ዝንብ ታባርራለች። ጣትህ ምላጩን ከሳበ በኋላ ጥይቱ መቶ ሜትር ለመሄድ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይወስዳል፤ ለጭንቅላቷ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ደረቷ ግን ቆማ ሳለ እዚያው ነው።

ደግሞስ ኢላማው ሲሳት ጥይቱ የት ነው የሚሄደው? ከሳንባ ትንሽ ወደ ላይ ስትስት አከርካሪ፣ ወደ ታች ስትስት ልብ ወይም የፊት እግር፣ ወደ ፊት ስትስት ትከሻ፣ ወደ ኋላ ጥቂት ስትስት ጉበት ታገኛለህ። አብዛኛው ስሕተት አሁንም ይገድላል። ከአንጎል ወደ ታች ስትስት የምታገኘው መንጋጋ ነው። መንጋጋው የተሰበረ አጋዘን አይወድቅም፤ ብዙ ደምም አያፈስስም፤ ተፈትልኮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መብላት አይችልም። ቀናት ወስዶ በረሃብ ይሞታል፤ ያንን የሚያይ ጥንብ አንሣ ብቻ ነው። አንገትም ቢሆን አከርካሪው በመካከሉ እንደ ጠባብ ቧንቧ ነው የሚያልፈው፤ ዙሪያው ጡንቻና ጉሮሮ ነው። ጡንቻውን ብቻ የቀደደ ጥይት አጋዘኑን ለጊዜው ያንበረክከዋል፤ አዳኙ «ወደቀ!» ብሎ ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ ብድግ ብሎ ይሄዳል። ኅዳር ላይ፣ ወንዶቹ እንስቶቹን በሚፈልጉበት ሰሞን፣ የወንዱ አንገት ያብጣል። «አንገት ሥጋ የለውም» የሚሉት ሰዎች የዚያን አንገት ወጥ ቀምሰው አያውቁም ማለት ነው።

በቁጥር የሚሟገቱኝ ወዳጆች አሉኝ፤ የሚያነሡትም ጥሩ ቁጥር ነው። ቻርልስ ሩት የተባለው የሳውዝ ካሮላይና የአጋዘን ባለሙያ በአንድ የአደን ክበብ የተገደሉ 493 አጋዘኖችን መዝግቦ ነበር። ትከሻው ላይ የተመታው አጋዘን በአማካይ 3 ያርድ ብቻ ነው የሄደው። ልቡን የተመታው 39፣ ሳንባውን የተመታው 50፣ ሆዱን የተመታው 69 ያርድ። «ይኸው፣ ሳንባ የተመታ ይሮጣል» ይሉኛል። አዎ፣ ይሮጣል። 50 ያርድ ግን ከ46 ሜትር አይበልጥም፤ ከአንድ የሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ያነሰ ርቀት ነው፤ ሳንባ የተቀደደበት እንስሳም ደሙን እያዘራ ነው የሚሄደው። ይልቅ ቁጥሩን ልብ ብሎ ላየው፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚያሸንፈው ትከሻ ነው! ሥጋ ያበላሻል ተብሎ የተኮነነው ያው ትከሻ። እኔም ረግረግ ዳር ወይም የጎረቤት አጥር ሥር ለሚተኩስ፣ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ደቂቃ ለቀረው ሰው ትከሻውን እመክራለሁ። ሁለት ኪሎ ሥጋ ከፍሎ ሃያውን መውሰድ ነው። በግልጥ ሜዳ፣ ጊዜ እያለ ግን ከወርቹ ጀርባ ያለው ይሻላል።

የባለሙያ አነጣጣሪዎቹ ነገርም ይነሣል። በከተማ ዳርቻ አጋዘን ሲበዛ አንዳንድ ካውንቲዎች ሌሊት በባለሙያ ያስቀንሳሉ፤ እነዚህ ሰዎች ጭንቅላት ይመታሉ፣ ሥጋውም ለችግረኞች ይሰጣል። ትክክል ነው። ግን የሚተኩሱት በመብል ተስቦ ወደ መጣ፣ በሚያውቁት ርቀት ላይ ወደቆመ አጋዘን ነው፤ ሙቀት የሚያይ መነጽር፣ ድምፅ ማፈኛና የጸና ድጋፍ ይዘው። ካልተመቻቸው አይተኩሱም፤ ነገም ደመወዝ አለና። የእኛ ሰው ቅዳሜ ንጋት ከዛፍ ላይ መቀመጫው ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው፣ ልቡ ጆሮው ውስጥ እየመታ፣ ዓመቱን ሙሉ ከጠመንጃው ጋር ሳይተያይ ቆይቶ ነው የሚተኩሰው። የባለሙያውን ኢላማ ወስዶ የባለሙያውን ሁኔታ ትቶ መምጣት ምን የሚሉት ብልጠት ነው?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስለ በሽታው ያለው ጸጥታ ነው። አጋዘንን እያከሳ የሚገድለው፣ ሲ ደብሊው ዲ በሚባል ምሕጻር የሚታወቀው በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ታይቶ ዛሬ በብዙ ግዛቶች ተሠራጭቷል። በቨርጂኒያ መጀመሪያ የተገኘው በ2009 ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥ በተገደለ አጋዘን ላይ ነው። ሰው እንደያዘው እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የተያዘ አጋዘን ሥጋ አይበላ ይላል። መንስኤው በምግብ ማብሰያ ሙቀት የማይጠፋ ፕሪዮን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በብዛት የሚከማቸውም አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ፣ በእጢዎችም ላይ ነው። ምርመራው የሚደረገው ከየት በሚወሰድ ናሙና ነው? ከአንጎል ግንድና ከጉሮሮ ጀርባ ካሉት እጢዎች። ጭንቅላቱን በጥይት ያፈራረሰ አዳኝ ሥጋውን አተረፈ፣ ሥጋው ይበላ ወይስ አይበላ የሚያስታውቀውን ናሙና ግን አጠፋ። ባለሙያዎች «ሲበልቱ አትንኩት» የሚሉትን አንጎልና ኅብለ ሰረሰርም በገዛ ጥይቱ በተነው። በሽታው በታየበት ካውንቲ ውስጥ ለምርመራ የሚሰጥ ጭንቅላት ያስፈልግሃል፤ ጎረቤትህ ምንም ቢልህ።

በአንድ ነገር ግን እረታላቸዋለሁ፤ በእርሳስ። ጭንቅላት የመታ ሰው ታፋና ወርቹ ውስጥ የእርሳስ ብናኝ የለበትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለምግብ ባንኮች በተሰጠ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የብረት ብናኝ በራጅ ከታየ በኋላ፣ የጤና ባለሥልጣናቱ የተፈጨው ሥጋ እንዳይታደል አድርገዋል። በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ በመደበኛ የእርሳስ ጥይት የተገደሉ 30 አጋዘኖችን በራጅ አይቶ በሁሉም ላይ ብናኝ አግኝቷል፤ ወደ ሥጋ አዘጋጆች ተወስደው ከተፈጩት እሽጎች ውስጥ ሲሦ ያህሉ ብናኝ ነበረባቸው። ይህ ግን ስለ ጥይቱ የተነገረ ነው፤ ስለ ኢላማው አይደለም። መዳብ ጥይት እንደ እርሳስ አይበታተንም፤ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን እርሳስ ከልክላ አዳኞቿ በመዳብ እያደኑ ነው። የብናኙን መንገድ የሚያሰፋው ደግሞ የመቺው ስስት ነው። ከቁስሉ ዙሪያ ያለውን ቁርጥራጭ «እንዴት ይጣላል» ብሎ ወደ መፍጫው የሚከተው ያው ሥጋ ቆጣቢ ነው። እዚያ ላይ እንኳን ቆጥብ አልልም፤ ከቁስሉ እጅግ ርቀህ ቁረጥና ጣል። የአጋዘን ክትፎ ጥሬውን እንዲቀርብለት የሚፈልግም ካለ እኔ ቤት አይምጣ።

ሥጋ በእውነት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በቢላዋ ነው፤ አዳኞች ስለ ቢላዋ ሲከራከሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። ወርቹን የተመታ አጋዘን ሲገፈፍ መጀመሪያ የሚታየው ያስደነግጣል። ከቆዳው ሥር ሐምራዊ፣ ሊጥ የመሰለ የረጋ ደም ከትከሻ እስከ ጎድን ተዘርግቷል፤ ልምድ የሌለው ሰው «አለቀ» ብሎ ወርቹን እንዳለ ቆርጦ ይጥለዋል። ሥራ የበዛበት ሥጋ አዘጋጅም ከኋላው ስንት አጋዘን ተሰቅሎ እየጠበቀው ያንኑ ያደርጋል፤ የሚከፈለው በራስ ነው፣ በኪሎ አይደለም። አሁን ቢላዋውን አሹልና ተቀመጥ። የፊት እግር ከደረቱ ጋር በአጥንት መጋጠሚያ አልተያያዘም፤ የያዘው ጡንቻ ብቻ ነው፤ ብብቱን ሰንጥቀህ ወደ ላይ ስትጎትተው ይላቀቃል። ወርቹን ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ የጡንቻውን ስስ ነጭ ሽፋን በቢላዋው ጫፍ ጫር ስታደርገው ደሙ ያለው በሽፋኑና በሽፋኑ መካከል እንደሆነ ታያለህ። ሽፋኑን ይዘህ ስትገፈው የረጋው ደም አብሮ ይነሣል። ከሥሩ ያለው ጡንቻ ቀይ ነው፤ ንጹሕ ነው። አጥንቱ በተሰባበረበት ዙሪያ ያለውን ትጥላለህ፣ የቀረውን ትበልታለህ። በቅርጫ ያደገ ሰው፣ አንዲት አንገት ለስንት እንደምትከፈል ያየ ሰው፣ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም፤ አሜሪካ ስንገባ ለምን እንደረሳነው ብቻ ነው የማይገባኝ።

የደሙን ስፋት የሚወስነው ከኢላማው ይልቅ ፍጥነቱ ነው። በቅርብ ርቀት ቀጭንና ፈጣን፣ ቶሎ የሚፈነዳ ጥይት የተኮሰ ሰው የትም ይምታ ሥጋ ያበላሻል፤ ቀስት የተጠቀመ ሰው ወርቹን ቢወጋው እንኳ የሚጥለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አንገት መቺዎቹ ግን በትልቅ ማግነም ጠመንጃ በ60 ሜትር ላይ እየተኮሱ በደረት ይፈርዳሉ።

ሆድ መምታት የሚያስከትለውን ማንም አይክደኝም። ጨጓራው ተቀድዶ ፈርሱ ሲፈስስ መጀመሪያ የሚበክለው በሆዱ ውስጥ አከርካሪውን ተጠግቶ የተጋደመውን ጭቅና ነው፤ ከሁሉ የሚወደደውን። ሙቀቱም እንዲሁ። በኅዳር አጋማሽ የቨርጂኒያ ከሰዓት አንዳንዴ የጸደይ ያህል ይሞቃል፤ አጋዘኑን ሳይዘረግፍ ከመኪናው ኋላ ጭኖ ለጓደኞቹ እያሳየ የሚዞር ሰው ወርች ስለመቆጠብ ባያወራ ይሻላል። በቶሎ ዘርግፈህ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ማድረስ ነው ሥራው።

አንድ የቀረ ክርክር አለ፤ እሱ የእኛው ቤት ነው። «አንገቱን የምመታው ሳይሞት ደርሼ በስመ አብ ብዬ ልባርከው ነው፤ በክት እንዳይሆን» የሚሉ አሉ። ሙስሊም ወዳጆቼም ይህንኑ በራሳቸው መንገድ ይጠይቃሉ። ብይኑን ለአባቶችና ለሼኮች እተወዋለሁ፤ ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ስለ ደሙ ግን ቢላዋ የያዘ ሁሉ መናገር ይችላል። አንጎሉን የተመታ አጋዘን ከዛፍ ወርደህ እስክትደርስ ሞቷል፤ አከርካሪውን ብቻ የተመታው ደግሞ ዓይኑ እየተንከራተተ ይጠብቅሃል፤ ይህን መባረክ የሚለው ካለ ሄዶ ይየው። ልቡንና ሳንባውን የተመታ አጋዘን ደረቱ ሲከፈት በሊትር የሚቆጠር ደም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉሮሮውን ብትቆርጠው የሚወጣ የለም፣ ደሙ አስቀድሞ አልቋል። ዘሌዋውያን 17 ላይ ስለሚያድን ሰው የተነገረውም ደሙን አፍስሶ በአፈር ስለመሸፈን ነው፤ አንገቱን ምታ የሚል ነገር የለበትም።

ለጀማሪው የምለው አጭር ነው። አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥህ የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትለህ ወደ ላይ ውጣ፤ ከደረቱ ግርጌ የገላውን ቁመት ሲሦ ስትደርስ ቁም። እዚያ ላይ ተኩስ። ገላውን ሰያፍ አድርጎ ጀርባውን ወደ አንተ ከሰጠ፣ ጥይቱ በወዲያኛው ወርች በኩል እንዲወጣ አስልተህ ተኩስ። ፊት ለፊት ከቆመ ጠብቅ። ከተኮስክ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ፤ ደሙን ተከተል።

ለነባሮቹ አንገት መቺዎች ግን ጥያቄ አለኝ። ዘንድሮ ወቅቱ ሲከፈት ስንት ጥይት ይዛችሁ እንደወጣችሁ ጻፉ። ሲዘጋ ስንት እንደቀረ ጻፉ። ከተሰቀሉት አጋዘኖች ጎን የተተኮሱትን ጥይቶች ሁሉ አስቀምጡ፤ «ስቼዋለሁ» ያላችኋቸውንም፣ ከተኮሳችሁ በኋላ ወርዳችሁ ሣሩን ያላያችሁላቸውንም ጭምር። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ኑና ስለ ሥጋ ቁጠባ ያን ጊዜ እናውራ።